ደንቡ አንድ ቤት፣ ካዝናው ሌላ ቤት

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020 የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ባርሴሎና አቅራቢያ የቅድመ ውድድር ሙከራቸውን ሊያጠናቅቁ ደቂቃዎች ሲቀሯቸው፣ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ፊያ፣ አጠር ያለች መግለጫ አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፌራሪን የ2019 ሞተር መርምሬ ጨርሻለሁ፤ ከፌራሪ ጋር ተስማምቻለሁ፤ የስምምነቱ ይዘት በሁለታችን መካከል ይቀራል። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነበር። ሞተሩ ደንብ ጥሷል ወይስ አልጣሰም ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

የጭቅጭቁ መነሻ ነዳጅ ነው። በወቅቱ ደንብ አንድ ሞተር በሰዓት ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ነዳጅ መውሰድ አይፈቀድለትም። ይህንን የሚከታተል፣ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መለኪያ ነዳጁ በሚያልፍበት መስመር ላይ ይገጠማል። መለኪያው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያነባል እንጂ ንባቡ ፍጹም ያልተቆራረጠ አይደለም። ተፎካካሪዎቹ የጠረጠሩትም በአንዱና በሚቀጥለው ንባብ መካከል ባለችው ሽርፍራፊ ቅጽበት ተጨማሪ ነዳጅ ሾልኮ ይገባል ብለው ነው። ፌራሪ ጥፋት የለብኝም አለ፤ ጥርጣሬውም በማስረጃ አልጸናም። በፌራሪ ሞተር የማይጠቀሙት ሰባት ቡድኖች ማርች 4 ቀን በጋራ ተቃውሟቸውን ሲያሰሙ ፌዴሬሽኑ በማግሥቱ መለሰ፦ ሞተሩ ሁልጊዜ በደንቡ ልክ ይሠራ እንደነበር ሙሉ በሙሉ አላመንኩም፣ ነገር ግን የማያሻማ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም። በ2019 ከቡድኖች ሁለተኛ የነበረው ፌራሪ በ2020 ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። አንባቢ የመሰለውን ይደምድም።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላሉ፤ ወይ ፌዴሬሽኑ ጥርስ የለውም፣ ወይ ለፌራሪ ያደላል። ያለፉትን አምሳ ዓመታት መለስ ብሎ ላየ ሰው ግን ነገሩ ሁሉ የሚጠቀለለው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የሚቀጥለውን እሁድ መቅረት የሚችለው ማን ነው? ቡድኑ ቢቀር ውድድሩ ይካሄዳል? ፌዴሬሽኑ ፊቱን ቢያዞር መኪኖቹ ሌላ ቦታ ይሮጣሉ? መቅረት የሚችል ደንቡን ያስጽፋል፤ መቅረት የማይችል ይፈርማል።

ፌዴሬሽኑ በ1904 ፓሪስ ላይ የተመሠረተ የአውቶሞቢል ክለቦች ማኅበር ነው። አባላቱ ከ140 በላይ አገሮች የሚገኙ ክለቦች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከእሽቅድምድም ይልቅ መንገድ ላይ ለቆመ መኪና መድረስና ስለ ትራፊክ ደኅንነት ማስተማር ነው ሥራቸው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ፌራሪ፣ መርሴዲስ፣ ሬድ ቡል ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ደጅ የሚጠናው ክለቦቹን ነው፤ ቡድኖቹ ቢያኮርፉም ወንበሩ አይነቃነቅም። በዲሴምበር 2025 ታሽከንት ላይ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶቹ መሐመድ ቢን ሱለየም ያለ ተፎካካሪ በድጋሚ ተመረጡ። ተፎካካሪ የጠፋው ፈላጊ ስለሌለ አልነበረም። እጩው ከየአህጉሩ ምክትል ፕሬዚዳንት መርጦ ማቅረብ አለበት፤ ምክትሎቹም ለዓለም የሞተር ስፖርት ምክር ቤት ከተጠቆሙት ውስጥ መሆን አለባቸው። ከደቡብ አሜሪካ የተጠቆመው ስም አንድ ብቻ ሲሆን እሱም አስቀድሞ ከፕሬዚዳንቱ ጎን የተሰለፈ ነበር። ሌላው ዝርዝሩን እንዴት ያሟላ? አንዲት ተፎካካሪ ጉዳዩን ወደ ፓሪስ ፍርድ ቤት ወሰደችው፤ ምርጫው ግን አልታገደም።

የዛሬው የኃይል አሰላለፍ የተቀረጸው ግን ከ1980 እስከ 1982 በተካሄደው ጦርነት ነው። በአንድ በኩል የፌዴሬሽኑ የስፖርት ክንፍ ፊሳ ነበር፤ መሪው ፈረንሳዊው ዣን ማሪ ባሌስትር፣ ጩኸትና ክብር የሚወድ ሰው። አጠገቡ ሞተራቸውን ራሳቸው የሚሠሩት ፌራሪ፣ ሬኖና አልፋ ሮሜዮ ተሰልፈዋል። በሌላ በኩል በአብዛኛው እንግሊዛውያን የሆኑት ቡድኖች ማኅበር፣ ፎካ፣ ነበር። እነዚህ የኮስዎርዝ ሞተር ከገበያ ገዝተው መኪናውን ዙሪያውን የሚሠሩ ናቸው፤ ኤንዞ ፌራሪ የጋራዥ ሰዎች እያሉ የሚንቋቸው። መሪያቸው የብራብሃም ባለቤት በርኒ ኤክልስቶን ሲሆን ጠበቃው ማክስ ሞዝሊ አብሮት ነበር። ከኤክልስቶን በፊት እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ አዘጋጅ ጋር ለብቻው ነበር የሚደራደረው። እሱ ሁሉንም ወክሎ አንድ ዋጋ መጥራት ጀመረ። ፈረንሳዮቹ ዘግይተው የገባቸው፣ ይህ ሰው መኪና ሳይሆን መምጣትና መቅረትን እንደሚሸጥ ነው።

በ1980 የፎካ አሽከርካሪዎች የግዴታ ስብሰባ ቀርታችኋል ተብለው ተቀጡ፤ አንከፍልም አሉ። የስፔኑ አዘጋጅ ከፊሳ ውጭ ሃራማ ላይ ውድድሩን አካሄደ፤ ፌራሪ፣ ሬኖና አልፋ ጥለው ወጡ፤ የአለን ጆንስ ድልም ከሻምፒዮናው ነጥብ ሳይቆጠር ቀረ። በፌብሩዋሪ 1981 ደግሞ ፎካዎች ደቡብ አፍሪካ ክያላሚ ላይ ለብቻቸው ተወዳደሩ። ፊሳ ያገደውን፣ መኪናውን መሬት ላይ የሚያጣብቀውን የጎን ከለላ እንደለበሱ ሮጡ፤ ካርሎስ ሮይተማን አሸነፈ። በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሙሉ የፎርሙላ ዋን ውድድር የተመለከተ መሰለው። ሞዝሊ ከዓመታት በኋላ እንዳመነው ግን የጋራዥ ሰዎቹ ገንዘብ አልቆባቸው ነበር፤ ባሌስትር ጥቂት ጊዜ ቢታገሥ ኖሮ ይንበረከኩ ነበር። ባሌስትር ይህን አላወቀም። ክያላሚ ባዶ ዛቻ ነበር፤ ሠራ።

በማርች 1981 የፌዴሬሽኑ መሥሪያ ቤት ባለበት በፓሪስ ኮንኮርድ አደባባይ የተፈረመው ውል ስሙን ከአደባባዩ ወሰደ። የኮንኮርድ ስምምነት እስከ ዛሬ እየታደሰ የሚኖር፣ አብዛኛው ክፍሉ ለሕዝብ የማይገለጥ ሰነድ ነው። መሠረታዊ ስምምነቱ እንዲህ ነበር፦ ደንቡ የፊሳ፣ የቴሌቪዥን ድርድሩ የፎካ። በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ኢምንት ስለነበር ባሌስትር ያሸነፈ መሰለው።

ሰላሙ ከአንድ ዓመት ብዙም አልዘለለም። ዝቅተኛው የመኪና ክብደት 580 ኪሎ ሆኖ ሳለ የኮስዎርዝ ቡድኖች ፍሬን ማቀዝቀዣ ነው ብለው ውሃ የተሞላ ታንክ ገጠሙ። ውሃው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይፈስና መኪናው ከተፈቀደው በታች ቀልሎ ይሮጣል። ከሚዛን በፊት ፈሳሾችን መሙላት የተለመደ ስለነበር ታንኩን መልሰው ይሞሉታል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ እንከን የለበትም። በ1982 ብራዚል ላይ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ኔልሰን ፒኬና ኬኬ ሮስበርግ በዚህ ምክንያት ተሰረዙ፤ ድሉ ለሬኖው አለን ፕሮስት ተሰጠ። ፎካዎች ተቆጥተው የኢሞላውን ውድድር ቀሩበት። ለውድድሩ የተሰለፉት 14 መኪኖች ብቻ ነበሩ፤ ከፎካ ወገን የሆነው ቲሬል እንኳ ጣሊያናዊ ስፖንሰር ስለነበረው ቃሉን አጥፎ መጣ። ኢሞላ ላይ የታየው እውነት ይህ ነው፦ ፌራሪ እስካለ ድረስ ጣሊያን ውስጥ ሌላው ቢቀርም ሕዝቡ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ወለድ ውስጥ ቢያነቡት የተጋነነ ይሉታል። የቡድኖቹ መሪ ኤክልስቶን በ1987 የፌዴሬሽኑ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ጠበቃው ሞዝሊ በ1991 ባሌስትርን በምርጫ አሸንፎ ፊሳን፣ በ1993 ደግሞ ፊያን ያዘ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የንግድ መብቱ ከቡድኖቹ ማኅበር ወጥቶ በኤክልስቶን የግል ኩባንያ እጅ ገባ። ዊልያምስ፣ ማክላረንና ቲሬል ተከራከሩ፤ አዲሱንም ስምምነት መጀመሪያ ላይ አንፈርምም አሉ፤ የፈረሙት ግን አላዘኑላቸውም። የአውሮፓ ኮሚሽን ደንብ አውጪና ነጋዴ አንድ ሰው ሊሆን አይገባም ብሎ ሲመጣ ፌዴሬሽኑ በ2001 የንግድ መብቱን ለ100 ዓመት፣ ከ2011 እስከ 2110፣ ለኤክልስቶን ወገን አከራየ። ዋጋው ከ300 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ የሚል ነበር፤ ለመቶ ዓመት። ሊበርቲ ሚዲያ በ2017 ሲረከበው የጠቅላላው ድርጅት ግምት 8 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ለኔ የጉዳዩ ቋጠሮ ይህ ነው። ሜዳውን ሸጦ ፊሽካውን ያስቀረ ዳኛ ነው የቆመው። ደንቡን ያወጣል፣ ይቀጣል፣ ፈቃድ ይሰጣል፤ ተወዳዳሪውን የሚያበላው ግን ሌላ ነው። ኮሚሽኑ የፈለገው የጥቅም ግጭት እንዲቀር ነበር። ያገኘው ግን ራሱን ችሎ መቆም ያቃተው ተቆጣጣሪ ነው።

ፌራሪ ከሌሎቹ የተለየ መብት አለው፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የማይስማማውን ደንብ ውድቅ የማድረግ መብት። የመንግሥታቱ ድርጅት የጸጥታ ምክር ቤት አምስት እንዲህ ያሉ አባላት አሉት፤ ፎርሙላ ዋን አንድ። በ2015 ፌዴሬሽኑ የሞተር ዋጋ ለትንንሽ ቡድኖች ጣሪያ ይበጅለት ሲል ፌራሪ በዚህ መብት ሻረው። በ2009 ደግሞ መብቱን ይዞ ፓሪስ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር፤ ያኔ አልተሳካለትም። የ2009ኙ ነገር በዝርዝር መታየት ያለበት ነው፤ ስለ ፌራሪ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለተረሱት ሰዎች።

ሞዝሊ ከዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቡድኖች በዓመት ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳያወጡ የሚል ደንብ አመጣ፤ የተስማማ የቴክኒክ ነጻነት ያገኛል፣ ያልተስማማ በጥብቅ ደንብ ይታሰራል። በፌራሪው ሉካ ዲ ሞንቴዜሞሎ የሚመራው የቡድኖች ማኅበር በጁን ወር ሲልቨርስቶን ላይ የራሳችንን ሻምፒዮና እንመሠርታለን ብሎ አወጀ። ስምንት ቡድኖች ነበሩ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ስምምነት ተደረሰ፤ ጣሪያው ተሻረ፣ ሞዝሊም ዳግም ላለመወዳደር ቃል ገባ። በምትኩ በኦክቶበር የተመረጠው ዣን ቶድ ነው፤ የቀድሞው የፌራሪ አለቃ።

እስከዚህ ድረስ የታላላቆቹ ድርድር ነው። ግን የ40 ሚሊዮኑን ቃል አምነው ለ2010 የተመዘገቡ ቡድኖች ነበሩ። አንዱ አሜሪካዊ ቡድን ጭራሽ መኪና ሳያወጣ ቀረ። ቨርጂን የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውድ ነው ብሎ መኪናውን በኮምፒዩተር ስሌት ብቻ ሠራው፤ የመጀመሪያው መኪና የነዳጅ ታንክ አንድን ውድድር በሙሉ ፍጥነት ለመጨረስ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። የስፔኑ ኤችአርቲ በ2012 ተዘጋ። ሎተስ ተብሎ ጀምሮ ካተርሃም የሆነው በ2014 ወደቀ። የቨርጂን ወራሽ ማኖር በ2017 መጀመሪያ ላይ ፈረሰ። ላም አለኝ በሰማይ የሆነባቸው እነዚህ ናቸው፤ ለሚያስፈራሩት ሲባል ደንቡ ሲሻር ማስፈራራት የማይችሉት ላይ ዋጋው ወደቀ። ስለ ኃይል ሚዛን በተጻፉት ብዙ ሐተታዎች ውስጥ ስማቸው ለቀልድ ካልሆነ አይነሳም።

በቀጣዮቹ ዓመታት ኢፍትሐዊነቱ በወረቀት ሰፈረ። ከ2013 በኋላ በደንብ ላይ ይመክር የነበረው የስትራቴጂ ቡድን ለፌዴሬሽኑ ስድስት፣ ለንግድ ባለመብቱ ስድስት፣ ለቡድኖች ስድስት ድምፅ ነበረው፤ ከቡድኖቹ ስድስት ውስጥ አምስቱ የትልልቆቹ ቋሚ ወንበር ነበር። ፎርስ ኢንዲያና ሳውበር በ2015 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አሉ፤ በ2018 አቤቱታቸውን መልሰው ወሰዱ።

ፌዴሬሽኑ ጸንቶ የቆመበትን ጊዜ ማየትም ተገቢ ነው። ጁን 2005፣ ኢንዲያናፖሊስ። ዓርብ ዕለት ራልፍ ሹማኸር በ13ኛው መታጠፊያ ጎማው ፈንድቶ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ሚሽለን ጎማዎቼ በዚያ ፍጥነት ከጥቂት ዙር በላይ ለመቆየታቸው ዋስትና አልሰጥም አለ። ከፌራሪ በስተቀር ዘጠኙ ቡድኖች መታጠፊያው ላይ ፍጥነት መቀነሻ ኩርባ ይሠራ ሲሉ ተስማሙ፤ ፌዴሬሽኑ ትክክለኛውን ጎማ ያመጣ ለምን ይቀጣል ብሎ እምቢ አለ። እሁድ 20 መኪኖች የማሟሟቂያ ዙራቸውን አጠናቀቁ፣ ከዚያ 14ቱ ወደ ጋራዥ ታጠፉ። ስድስት መኪኖች ተወዳደሩ፤ ሚካኤል ሹማኸር አሸነፈ። በደንብ ደረጃ ፌዴሬሽኑ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ፌራሪ ባይሰለፍ ኖሮ ግን በዚያ ልክነቱ ይጸና ነበር ብዬ አላምንም። ትኬት ለገዛው ሕዝብ ገንዘቡን የመለሰለት ደግሞ ሚሽለን ነው።

በ2021 የወጪ ጣሪያው በ145 ሚሊዮን ዶላር በመጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያውን ዓመት ጣሪያ የዘለለው ሻምፒዮኑን ያሰለፈው ሬድ ቡል ሆኖ ተገኘ፤ ትርፉ 1.6 በመቶ ነበር። ቅጣቱ 7 ሚሊዮን ዶላርና የነፋስ ዋሻ ሙከራ በ10 በመቶ መቀነስ ሆነ፤ እሱም በውሳኔ ሳይሆን በስምምነት። ያው ቋንቋ ነው። ልዩነቱ የዚህኛው ዝርዝር መታተሙ ነው፤ ከ2020ው የፌራሪ ስምምነት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር አይደለም።

የኃይል ሚዛኑ ምን ያህል እንደተገለበጠ ያሳየው የአንድሬቲ ጉዳይ ነው። ፌዴሬሽኑ በ2023 አዲስ ቡድን እፈልጋለሁ ብሎ አመልካቾችን መረመረ፤ በኦክቶበር የአሜሪካውን አንድሬቲ ብቁ ነው አለ። በጃንዋሪ 2024 የንግድ ባለመብቱ አልቀበልም አለ። ያሉት አሥር ቡድኖች በአብዛኛው ያጉረመርሙ ነበር፤ ገንዘቡ ለአሥር መካፈሉ ቀርቶ ለአሥራ አንድ ሊሆን ነውና። ለአዲስ ገቢ የተቀመጠው የ200 ሚሊዮን ዶላር ማካካሻም አነሰን አሉ። በሩን የከፈተው ፌዴሬሽን ሳይሆን ሌላ ሆነ፦ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ደብዳቤ፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ምርመራ፣ ከሁሉ በላይ ጄኔራል ሞተርስ ሞተር እሠራለሁ ብሎ መግባቱ። ቡድኑ በካዲላክ ስም ለ2026 ተፈቀደለት፤ የመግቢያው ክፍያ 450 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። የፌዴሬሽኑ ማረጋገጫ ብቻውን ያወጣ የነበረው ዋጋ ዜሮ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች አሉ። ናስካር የተባለው የእሽቅድምድም ድርጅት ከ1948 ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ፣ የፍራንስ ቤተሰብ ንብረት ነው፤ ደንቡም ካዝናውም እዚያው ቤት። በ1969 ታላዴጋ ላይ ሪቻርድ ፔቲን ተከትለው ታላላቅ አሽከርካሪዎች ጎማው አያስተማምንም ብለው ሲወጡ፣ ቢል ፍራንስ በቀሩትና ከታችኛው ደረጃ በተሰበሰቡ ተወዳዳሪዎች ውድድሩን አስሮጠው። ያለ እነሱ እንደሚችል አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ማንም አልሞከረውም። በሴፕቴምበር 2024 ቡድኖቹ አዲስ ውል ቀርቦላቸው እስከ እኩለ ሌሊት ፈርሙ ተባሉ። ከ15ቱ 13ቱ ፈረሙ። የቅርጫት ኳስ ኮከቡ ማይክል ጆርዳን የሚጋራው 23ኤክስአይ እና ፍሮንት ሮው እምቢ ብለው በፀረ ሞኖፖል ሕግ ከሰሱ። ችሎቱ በዲሴምበር 2025 ሻርለት ላይ ከተጀመረ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ታረቁ፤ የቡድኖቹ የመወዳደሪያ ፈቃድም ቋሚ ሆነ። ለፈረሙት 13ቱም ጭምር።

ኢንዲካር የተባለው የእሽቅድምድም ሊግ ሌላውን መንገድ ሄደ። ባለቡድኖቹ በ1979 ከተቆጣጣሪው ተገንጥለው ካርት የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1996 የኢንዲያናፖሊስ ትራክ ባለቤት ቶኒ ጆርጅ ተፎካካሪ ሊግ ፈጥሮ ከ33ቱ የትራኩ ውድድር፣ የኢንዲ 500፣ ቦታዎች 25ቱን ለሊጉ መደበኛ ተወዳዳሪዎች ያዘ። ካርት በዚያው ቀን ሚሺጋን ላይ የራሱን ውድድር ጠራ፤ መኪኖቹ ገና ሲነሱ ተጋጩ። ካርት በ2003 ከሰረ፤ ሁለቱ ወገኖች የተዋሐዱት በ2008 ነው። ዛሬ የትራኩም የሊጉም ዋና ባለቤት ሮጀር ፔንስኪ ነው፤ የራሱ ቡድንም አለው። በሜይ 2025 የእሱ ቡድን ሁለት መኪኖች ያልተፈቀደ ማስተካከያ ተገኝቶባቸው ወደ መጨረሻው ረድፍ ሲወርዱ ሰውየው የራሱን የቡድን አለቆች አሰናበተ፤ ከዚያም ዳኝነቱን ከራሱ ኩባንያ ወደ ገለልተኛ አካል ለማውጣት ተነሳ።

ፎርሙላ ዋን ውስጥ አሁን የሚነሳው ጥያቄም የዳኝነት ነው። በ2021 አቡ ዳቢ ላይ የመርሴዲስና የሬድ ቡል ሰዎች በመጨረሻዎቹ ዙሮች የውድድሩን ዳይሬክተር በሬዲዮ ሲወተውቱት ዓለም ሰማ፤ ዳይሬክተሩ ማይክል ማሲ በተከታዩ ፌብሩዋሪ ከቦታው ተነሳ፤ መወትወቻው መስመርም ተገደበ። ቅጣት የሚወስኑት ስቱዋርዶች ግን ሌላ ሥራ ያላቸው፣ ከውድድር ወደ ውድድር የሚቀያየሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አሽከርካሪዎቹ በማኅበራቸው በኩል ቋሚና ሙያተኛ ዳኞች ይኑሩ ይላሉ። ከፌዴሬሽኑ የሚመለሰው ማን ይክፈላቸው የሚል ነው። ቡድኖች በየዓመቱ ለፌዴሬሽኑ በነጥባቸው ልክ የምዝገባ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ለ2024 የሬድ ቡል ድርሻ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከዚህ ላይ ለዳኞች ይመደብ ቢባል ብዙ የሚከፍለው ብዙ የሚያሸንፈው ይሆናል። የንግድ ባለመብቱ ይክፈል ቢባል ሊበርቲ ደመወዝተኛ ዳኞች ይኖሩታል። የ100 ዓመቱን ኪራይ ሲፈርሙ ስለ ዳኛ ደመወዝ ያሰበ አልነበረም፤ ውሉ የሚያበቃው ደግሞ በ2110 ነው።